ለማውስ የተነጠፈ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ዕቃ ገዝቶ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው የለም። ጫማም ይሁን ፍሪጅ፣ ገና ከታክሲ ሳይወርድ "ስንት ገዛኸው?" የሚል ጥያቄ ይቀበለዋል። "እንኳን ደስ ያለህ" የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይመጣ ይቀራል። ዋጋውን ከተናገራችሁ ደግሞ ፍርዱ ያው አንድ ነው፤ ተበልታችኋል። የሆነ ቦታ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ጠያቂው ያውቀዋል፤ ባለሱቁ ዘመዱ ነው፤ ሳታማክሩት በመግዛታችሁም ከልቡ አዝኗል። ስለዚህ ብልህ ሰው ዋጋ ይዋሻል። ለሚስቱ ይቀንሳል፤ ለጎረቤቱ ይጨምራል፤ ገንዘብ መበደር ለሚወድ ወንድሙ ደግሞ "ሰው ሰጥቶኝ ነው" ብሎ ይገላገላል።

እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሱቅ በደረቴ አንግቼ፣ ክብሪትና ማስቲካ፣ ማበጠሪያና መርፌ እየሸጥኩ ነው ሰው የሆንኩት። ያን ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የዋለ ሰው ዋጋን የሚማረው በጭንቅላቱ ሳይሆን በማጅራቱ ነው። ዛሬ ካዛንቺስ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፎቶኮፒ ወረቀት፣ የኮምፒውተር ጥቃቅን ዕቃ እሸጣለሁ። ማጅራቴ ግን ትምህርቱን አልረሳም። ሰው ቤት ስጋበዝ ወጡን ከማመስገኔ በፊት የገባበትን ቅቤ እገምታለሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ ድንኳኑ በቀን በስንት እንደተከራየ ሳላሰላ ዓይኔ አይመለስም። ባለቤቴ እታገኝ "አንተ እኮ መንግሥተ ሰማያት ብትገባ በሩን በስንት አሠራችሁት ብለህ ትጠይቃለህ" ትለኛለች። ብጠይቅስ? በሩ ጥሩ ከሆነ ምን ነውር አለው?

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ ጨርቅ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ኮምፒውተር የሚነካ ሰው በቀኝ እጁ የሚያሽከረክራትን ማውስ ታውቃላችሁ። እሷ የምትንሸራሸርበት፣ ከላይ ጨርቅ ከታች ጎማ የሆነ ምንጣፍ አለ፤ ማውስ ፓድ ይሉታል። እኔ ዘንድ በስልሳ ብር ይሸጣል። ላዩ ላይ ፏፏቴ ወይም ድመት ተስሎበታል። ይህ ለሠራተኛ ሰው ነው። ለጌም ተጫዋች ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ጠርዙ በክር የተዘመዘመ፣ ኪቦርዱን ጭምር ተሸክሞ ጠረጴዛውን ሙሉ የሚያለብስ። ዋጋውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። እኔም የሰማሁት ቁጭ ብዬ ነበር፤ ጥሩነቱ።

ነገሩ የመጣው በሽምግልና ነው። ልጄ ማህሌት አንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ደጃችን ላይ ቆሙ። መሪያቸው አቶ ሣህሌ ይባላሉ፤ ጎተራ አካባቢ ትልቅ ጋራዥ አላቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን ሠርግ ያስተዳድራል። ናትናኤል ለሚባለው የእህታቸው ልጅ ማህሌትን ሊጠይቁ ነው የመጡት። "ቁጭ በሉ" ብንላቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። ወጉ እንደዚያ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ግን አንደኛው ሽማግሌ ሶፋችንን ሲያዩ፣ ከነላስቲኩ ስለነበር፣ ቆመው መዋላቸው ጥሩ አጋጣሚ መስሎ ታይቷቸዋል።

እኔም በወጉ መሠረት "እንምከርበት፣ ሁለት ሳምንት ስጡን" አልኩ። ይህ ቀጠሮ ድሮ አጥንት መቁጠሪያ ነበር። አባቴ የጠያቂውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይሄዱበት ነበር። እኔ ዘር አልቆጥርም። ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን፤ የሚለያየን ወጪያችን ነው። ስለዚህ የልጁን ወጪ መቁጠር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ አማረ። ናትናኤል፣ ማህሌት ናቲ የምትለው፣ ኦሎምፒያ ካለ ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ነው። አይጠጣም። አያጨስም። የቤት ኪራዩን ሳይጠየቅ ይከፍላል፤ ይህን ያጣራሁት ከአከራዩ ነው፤ ከአከራይ የተሻለ ምስክር ደግሞ የለም። ልቤ ሊረጋ ምንም አልቀረውም ነበር። እንዲያውም የቸርነት መንፈስ መጣብኝና ከመደብሬ አንድ ባለ ፏፏቴ ማውስ ፓድ አንሥቼ ለማህሌት ሰጠኋት።

"ለዚያ ልጅ ስጪው። ሲውል ኮምፒውተር ላይ አይደል?"

ሳቀች። ልጄ ሳቋ የእናቷ ነው፤ ማለትም ሰው ላይ ነው የምትስቀው።

"ኧረ አባዬ! ናቲ እኮ አለው። የጌም። በቃ ያንተው ከሱ ጋር አይወዳደርም።"

"የሱው ስንት ነው?"

ይህን ስጠይቅ ፊቷ ተለወጠ። ሃያ ሰባት ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ የምን በር እንደከፈተች ወዲያው ገባት። ግን ለእኔ ዋጋ መዋሸት እንደማይቻልም ታውቃለች።

"ሁለት ሺህ አራት መቶ" አለች፣ ቀስ ብላ።

በዚያ ገንዘብ ከእኔ መደብር አርባ ፏፏቴ ይገዛል። አንድ ሰው በአንድ ቀኝ እጁ አርባ ፏፏቴ ምን ያደርግለታል አትበሉኝ፤ ስሌት ስሌት ነው። ደግሞ የነጋዴ ቁጭትም አለበት። ያ ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጨርቅ ነው፤ ጎማ ነው፤ ማጣበቂያ ነው። የመርካቶ አስመጪ በስንት እንደሚያስረክበኝም አውቃለሁ፤ ለእናንተ የማልነግረው ነገ ደንበኛዬ ትሆኑ ይሆናል ብዬ ነው።

"ምን ያደርግለታል?" አልኳት።

"ማውሱ በደንብ ይሄድለታል። ማለቴ፣ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም አባዬ፣ ቁም ያለበት ቦታ ላይ ይቆምለታል። ጌም ላይ ዋናው እሱ ነው።"

"ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?"

"ከውጭ አገር ልጆች ጋር። በኢንተርኔት።"

እዚህ ላይ እናንተው ፍረዱ። ኢንተርኔቱ ጠዋት ብቅ ብሎ ከሰዓት በሚሰወርበት፣ መብራቱ ገና ደመና ሲያይ በሚጠፋበት ሰፈር ውስጥ፣ ማውሷ ብትፈጥን የት ልትደርስ ነው? በሩ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ለፈረስ የወርቅ ኮርቻ እንደ መጫን ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

"አባዬ፣ አንተ ስለ ጌም ምንም አታውቅም።"

"ስለ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ግን አውቃለሁ።"

ያን ዕለት ለእታገኝ ቁርጡን ነገርኳት። ለአንድ ማውስ መንሸራሸሪያ ይህን ያህል የሚያወጣ ሰው ነገ ለመጋረጃ ስንት ሊያወጣ ነው? ቤት የሚያፈርሰው እኮ ትልቁ ወጪ አይደለም፤ ትልቁንማ ሰው ሁሉ ፈርቶት ይመክርበታል። ቤት የሚያፈርሰው ማንም ሳያየው ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ነው። ልጄን ለዚህ ሰው አልሰጥም አልኩ።

ማህሌት ብታለቅስ ወይም ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ እራቷን በልታ ጨረሰች፤ እጇን ታጥባ ተመለሰች፤ ከዚያም የዓመት ሒሳብ እንደምታቀርብ ሰው ረጋ ብላ ተናገረች። "እምቢ ካልክ ቃልህን አልሽርም። ካለ ምርቃትህ አላገባም። ግን ሌላ ሰውም አላገባም። ይህንንም ደምርበት።" እናቷ እኔን አየችኝ። ሳህኑን ያነሣችበት ድምፅ አልተስማማኝም።

"ቢያንስ ዕቃውን እየው" አለች ማህሌት። "አንተ እኮ ነህ ሳያዩ ማጣጣል የነጋዴ ሥራ አይደለም የምትለው።"

ልክ ናት፤ እላለሁ። "አምጪው" አልኳት።

በማግስቱ ተጠቅልሎ መጣ። ልጁ አላንገራገረም፤ "ይውሰዱት፣ እስከፈለጉት ይያዙት" ብሎ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ዘረጋነው። ከሳሎናችን ጠረጴዛ ግማሹን ሸፈነው። እታገኝ በመዳፏ ዳበሰችውና ወዲያው ስጋት ገባት።

"የሰው ዕቃ ነው እኮ። ነገ እምቢ ብለን ስንመልስ ቆሽሾ ቢገኝስ? ልጁን ከለከሉት፣ ዕቃውንም አበላሹበት እንባል?"

በእኛ ቤት ዕቃ ራቁቱን አይውልም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ በጎማ ታስሮ ነው የሚኖረው። ምንጣፋችን ላይ ሌላ ምንጣፍ አለ። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም፤ ቀለሙን እናውቀዋለን፣ ሰውነቱን ግን አናውቀውም። ይህን የምነግራችሁ አፍሬ አይደለም፤ የእናንተም ቤት እንደዚሁ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። እናም እታገኝ ከሶፋው የተረፈውን ላስቲክ ከቁም ሣጥን አናት አወረደች፤ በልኩ ቆረጠች፤ ወጥራ አለበሰችው፤ ከሥር በፕላስተር አጣበቀችው። በመጨረሻም አቧራ እንዳይጠጣ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ላዩ ላይ ጣል አደረገችበት። የክርስትና ልጅ መሰለ።

እኔም ዳንቴሉን ብቻ ገልጬ ዕቃውን መደብር ይዤው ሄድኩና ምርመራ ጀመርኩ። ኮምፒውተር ላይ የማውቀው ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፤ ያው ካርታ መደርደር። መጀመሪያ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ቀጥሎ በደብተር ልባስ ላይ። ቀጥሎ በስልሳ ብሩ ፏፏቴ ላይ። ሁሉም ሄዱ። መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብሩ ቀረበ። እናንተ! ቀዩን ካርታ ልይዝ ስል ጥቁሩ ላይ ያርፋል። ወደ ግራ ስገፋ ወደ ላይ ይዘላል። ቀስቷ እንደ ፌንጣ ስክሪኑ ላይ ትፈናጠራለች። ደንበኞች እስክሪብቶ ሊገዙ ገብተው "ጋሽ አየለ፣ ኮምፒውተሩ ታሞ ነው?" አሉኝ።

ልጁ ተበልቷል። በደብተር ልባስ የሚሠራውን ሥራ መሥራት ለማይችል ጨርቅ ነው ያን ሁሉ ብር ያወጣው። አልዋሻችሁም፤ ደስ አለኝ። ሰው ትክክል መሆኑን ሲያውቅ የገዛ ሴት ልጁ የምታዝን እንኳ ብትሆን ትንሽ ደስ ይለዋል። ቤት ስገባ ግን ለማህሌት ምንም አልነገርኳት፤ ፍርድ በሽማግሌ ፊት ነው የሚነበበው።

ቀጠሮው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ። መልስ የሚሰማ ሰው መቀመጥ አለበትና በዚህ ጊዜ ከሶፋው የሚያስጥላቸው አልነበረም። ሦስቱም አንድ ላይ ሲቀመጡ ላስቲኩ እንደ ዶሮ ጮኸ። ቀኑ ይሞቅ ነበር። አቶ ሣህሌ ለመናገር ወደ ፊት በተጠጉ ቁጥር ሱሪያቸው ከሶፋው ጋር ሲላቀቅ አብሮ የሚሰማ ነገር ነበረ፤ የጨዋ ልጆች ነንና እንዳልሰማን ሆንን። ናትናኤል በወጉ መሠረት አልመጣም። በወጉ መሠረት ግን ከጥጉ ዘወር ብሎ መኪና ውስጥ ይጠባበቅ ነበር።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተናገርኩ። ልጁ ጨዋ ነው አልኩ። ሠራተኛ ነው አልኩ። ነገር ግን ገበያ ላይ እንዲህ የሚታለል ሰው፣ ከታለለም በኋላ መታለሉን የማያውቅ ሰው፣ ቤት ማስተዳደር ይከብደዋል አልኩ። ፏፏቴውን፣ የደብተሩን ልባስ፣ ፌንጣውን ሁሉ ተረክሁላቸው። አቶ ሣህሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ ዕቃውን ልየው" አሉ።

አመጣሁት። ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አነሡ። ከሥሩ ያለውን በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ጮኸ። የተቀመጡበትን ሶፋ ቧጠጡት፤ ያም ጮኸ። ሁለቱን ድምፅ ካመሳከሩ በኋላ ቀና አሉ።

"አቶ አየለ፣ ይሄ ላስቲክ አብሮት የተሠራ ነው?"

"እኔ ነኝ ያለበስኩት" አለች እታገኝ ከበሩ ሥር፣ ሊመሰገን እንደሚገባው ሰው። "እንዳይቆሽሽ ብዬ።"

"አቶ አየለ" አሉ አቶ ሣህሌ፣ አሁን ድምፃቸው ተመልሶ ነበር፤ "ጋራዥ ውስጥ የማላየው የለም። ቤንዚን ሳይቀዳ ሞተሩን የሚሰድብ አይቻለሁ። የእጅ ፍሬን ይዞ እየነዳ መኪናው ከባድ ነው የሚል አይቻለሁ። ጎማውን በላስቲክ ጠቅልሎ አስፋልቱን የሚከስ ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ!"

ሽማግሌ በሽምግልና ላይ አይስቅም ይባላል። ውሸት ነው። ሦስቱም ሳቁ፤ ሶፋውም አብሯቸው ሳቀ። ማህሌት ተጠርታ ኮምፒውተሯንና ማውሷን አመጣች። ፕላስተሩ ተላጠ፤ ላስቲኩ ወለቀ፤ ካርታው ተደረደረ። እጄን አስቀመጥኩ። ማውሱ ብራና ላይ እንደሚሄድ የደብተራ ብዕር ሄደ። ቁም ስለው ቆመ። ቀዩ ላይ ስል ቀዩ ላይ። ሁለተኛው ሽማግሌ "እስቲ እኔም" አሉ፤ ሦስተኛው "ኧረ ያንን ስምንት ቁጥር ወደዚያ ውሰደው!" እያሉ ትከሻቸው ላይ ተንጠለጠሉ። ለጥቂት ጊዜ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ተረሳ።

ዋጋው ይገባዋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እንግዲህ እንዲህ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ በእጁ ለሚነካው ሰው አይበዛበትም። የእኔው ፏፏቴ ዓመት ሳይሞላው ጥጉ ይገለበጣል፤ ይገለበጥ፣ ሌላ እሸጣለሁ። በላስቲክ ለሚያኖረው ሰው ግን ስልሳውም ብዙ ነው።

በዕቃው ተረታሁ፤ በልጁ ግን አልተረታሁም። ነጋዴ ነኝ፤ አንድ በር ሲዘጋ መጋዘኑ በኩል እወጣለሁ። "እሺ፣ ዕቃውስ ጥሩ ነው" አልኩ። "በቅሎም ጥሩ ናት። ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን በቅሎ አይገዛም። ልጁ ገንዘብ አባካኝ ነው፤ ቃሌ ቃል ነው።"

ሳቁ ቆመ። ማህሌት የለስላሳውን ጠርሙሶች በትሪ ይዛ እንደቆመች ቀረች። አቶ ሣህሌ ተነሡና "እንግዲያው ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ፤ ካጠፋ በጉልበቱ ይናገር" ብለው ልጁን ከመኪናው አስጠሩት። ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን የሰበረ ልጅ ነው። ጉልበቴን ሳመ። የእታገኝንም ሳመ። ከዚያ ወለሉን እያየ ቆመ።

"ልጄ" አልኩት፣ "ለአንድ ማውስ መንሸራሸሪያ ይህን ያህል ብር ማውጣት ምን ይባላል?"

"አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ዷ ሲል ጠርሙሶቹ ተንጋጩ።

"እሱ አይደለም የገዛው!" አለች ማህሌት። "እኔ ነኝ። ለልደቱ። በቃ፣ እኔ ነኝ!"

የእናቷን ፊት አየሁ፤ እሷም አታውቅም ነበር። እውነት ነው፣ ማህሌት ያን ቀን ያለችኝ "አለው" ብቻ ነበር። ሁሉን የምጠይቅ ሰው "ስንት?" ብዬ "ማን?" ሳልል ቀርቻለሁ። መቆጣት እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ ሽማግሌዎቹም ቁጣዬን እየጠበቁ ነበር። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ የለመደውን ጠየቀ።

"ስንት ብለውሽ ነበር?"

"ሦስት ሺህ ስድስት መቶ።"

"ሲሶውን አስቀነስሽ?"

"ሦስት ጊዜ ትቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ታክሲ ልሳፈር ስል ሮጦ መጥቶ ጠራኝ።"

ሲሶውን! ያውም ታክሲው ድረስ ሄዳ! ሽማግሌ ፊት ባልሆን ኖሮ ግንባሯን እስማት ነበር። ይህን ትምህርት ማንም ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ክብሬን ለመጠበቅ ፊቴን እንደምንም አኮሳትሬ ወደ ልጁ ዞርኩ።

"አንተስ ይህን ሁሉ ቀን አባካኝ ስትባል፣ አሁንም እዚህ ቆመህ ስትሰደብ፣ እሷ ናት የገዛችው አትልም ነበር? ልጄን ልከለክልህ እኮ ነበር!"

ናትናኤል ቀና አለ። የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ማህሌትን ነበር።

"እንዳትናገር ብላኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"ታዲያ እኔን አልፈራህም?"

"ኧረ በጣም እፈራለሁ። ግን እርስዎ... ማለቴ፣ እርስዎ ቢቆጡ ነገ ሽማግሌ ይላክብዎታል። እሷ ከተቆጣች ግን..."

የቀረውን አልተናገረውም። መናገርም አላስፈለገውም። አቶ ሣህሌ የሚያስሉ መስለው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ በሩ ሥር የቆመችውን እታገኝን አየሁ፤ የወለቀውን ላስቲክ ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብላ አጣጥፋ ታቅፋዋለች፤ እኔንም ታየኛለች፤ "እስቲ አሁን ደግሞ እምቢ በላ" የሚል አስተያየት ነው።

እኔ ይህን ነገር ለመረዳት ከሠርጌ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ይህ ልጅ ገና ሳያገባ ጨርሶታል።

"ወስደሃታል" አልኩት።